የአሸንዳው አፍ

የካቲት ነው፤ ዱሉዝ ላይ ሐይቁ እንደ ሞራ ሲረጋ፣
የፒያኖ መቃኛዬን ይዤ፣ ቁልቁለቱን ሳልሰጋ፣
የወይዘሮ ሲግኔን አጥር ሳልፍ፣ አንዲት እርምጃ ስጀምር፣
ሰማዩ እግሬ ሥር ገባ፤ ጀርባዬን ተቀበለው ምድር።

ቀጥሎ አንድ ድምፅ። ሠላሳ ዓመት ክር የቃኘ ጆሮ አይስትም፤
የእንጨት አልነበረም፣ የሽቦም፤ የእኔ ነበር እንጂ የማንም።
የቀኝ እጄ አንጓ።
የምበላበት።

ሐኪሙ ብረት ቀበረበት፤ አንድ ዝርግ፣ ሰባት ብሎን፤
ሂሳቡ በፖስታ ሲመጣ ዳግም ወደቅሁ ያን ቀን።

የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል ይላሉ፤
የወደቀ ሰው ግን ምክር ነው። ሁሉም ለኔ ያውቃሉ።
የሚስቴ ወንድም ዴል ቢራ ከፍቶ፣ «ክሰሳት! ምን ትጠብቃለህ?
ቤት ያለው ሁሉ መድን አለው፤ አንተ ምን አለህ?»
ልጄ ማርላ ዝም ብላ፣ በኔ ተራ ሳህን ታጥባለች፤
«ፒያኖ ያስተማረችኝ እሷ አይደለች?» ብላ ብቻ ጠየቀች።

ጠበቃው ፕሩይት ጋ ሄድኩ። ቢሮው ሞቃት፣ ወንበሩ እንኳ ይራራል፤
«በረዶው የማን ነው?» አለኝ፤ «ነገሩ እዚች ላይ ያድራል።
ሰማይ ከጣለው የሰማይ ነው፤ ሰማይን ማን ይከሳል?
ከአሸንዳዋ ወርዶ ከረጋ ግን፣ እጅ አለበት፤ ያስከስሳል።
ፎቶ አምጣልኝ ሳይቀልጥ፤ ማስረጃህ ፀሐይ ይፈራል።
ደግሞ እሷን አይደለም የምትከሰው፤ የመድን ድርጅቷን ነው።»
ወረቀቱን ባየው የድርጅት ስም የለም፤
«ሲግኔ ሉንድቪስት፣ ተከሳሽ» ነው የሚለው።

ክስ ካሳን ይወልዳል አሉ፤ ፊደላቸው ዘመድ ነው፤
እኔ ግን በመሃሉ ከሳሁ፤ የከሳን ሰው ማን ይካሰው?

ማታ ሄድኩ። ስልኬን በግራ እጄ ይዤ፣ እንደ ሌባ።
አሸንዳው አፉን ወደ መንገዱ ከፍቷል፤ ቀን የቀለጠው
ጠብ፣
ጠብ፣
ወርዶ ይረጋል።
ጠብም እንደዚሁ ነው ለካ የሚጀመር፤
ጠብታ በጠብታ፣ ማንም ሳያየው፣ በጎረቤት ድንበር።

አንዴ ብልጭ አደረግሁ። መስኮቱ በራ።
ልሸሽ አሰብኩ፤ በረዶ ላይ ማን ይሮጣል?
ወጣች፤ ሰማንያ ሰባት ዓመቷ፣ የሟች ባሏን ቦት ጫማ አጥልቃ፣
በእጇ የሾርባ ጭልፋ፣ ጨው የሞላ።
አካፋ ማንሳት ካቃታት ወዲህ
እንዲህ ነው በየሌሊቱ የምትበትነው፤ ጭልፋ በጭልፋ።

«ፎቶ ነው?» አለች።
«አዎ» አልኩ። ውሸት በብርድ አይሞቅም።
«መብራቱን ልጨምርልህ፤ በደንብ አንሳው።
አርባ ዓመት ከፈልኩት ያንን መድን፤
አንድ ቀን እንኳ ‹እንዴት አደርሽ› አላለኝም።
ክሰሰኝ፤ ምናልባት ይናገር ይሆናል።»
ቆየት ብላ ደግሞ፣ ጭልፋውን እያየች፣
«ቤቱን ግን ይወስዱብኛል?»

እኔ እንጃ። ፕሩይት አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅሁትም።
ፍርድ ለራስ ነው፤ የኔን ደጅ ከገና ወዲህ አካፋ አልነካውም፤
ፖስታ የምታድለው ኦርላ ሁለቴ ስትንገዳገድ
በመስኮት አይቻለሁ። ስቄያለሁም።

ከዚያ፣ ማን እንደጀመረ አላስታውስም፣ አሸንዳውን ያዝነው፤
ሁለት እጅ የሷ፣ አንድ እጅ የኔ።
ቆርቆሮው ጮኸ፤ ግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለ፣ ያልተቃኘ፤
በሦስት እጅ ጠምዝዘን አፉን ወደ ጽጌረዳዋ ሥር መለስነው።
«ካሁን በኋላ እነሱ ይክሰሱኝ» ብላ ገባች።

እስከ ዓርብ ነው ፊርማው። ቀኜ ብዕር አይዝም፤
ግራዬ ስሜን ገና ይማራል፣ እንደ ሕፃን ጎበጥ ጎበጥ እያደረገ።
በረዶው ቀለጠ፤ ሂሳቡ አልቀለጠም።
ፎቶው ስልኬ ውስጥ አለ፤ ጥላዋ ከነጭልፋው ይታያል፤
አልሰረዝኩትም፤
አልላክሁትም።